በአያቴ ስም አቤት ስል

ይህ ደብተር የሒሳብ ነበር፤ አልታደለም። ወንድሜ ምስጋኑ ከሆንህ የምታነበው፣ እስካሁን ያነበብኸው ይበቃሃል፣ ዝጋው። እናቴ ከሆንሽ ደግሞ ማንበብ መቼ ተማርሽ? እንኳን ደስ ያለሽ።

ጥር 14

ዛሬም ካቦ ደባሱ ስም ሲጠራ «የኔሰው!» አለ። «አቤት!» አልኩ። እርከን ሊሠራ የወጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። በየቀኑ ይስቃሉ። አይሰለቻቸውም።

የኔሰው አያቴ ናቸው፤ የእናቴ አባት፣ እኛ አባባ የምንላቸው። እኔ ፋና ነኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል። ትምህርት ቤታችን መጀመሪያ በኮሮና፣ ኋላ በጦርነት ባይዘጋ ኖሮ ይሄኔ አሥረኛን እየጨረስኩ ነበር። ቤታችን ሴፍትኔት ውስጥ ነው። ማለት፣ በበጋ ተራራው ላይ ወጥተን ድንጋይ እንክባለን፣ መንግሥት ስንዴ ይሰጠናል። ከቤታችን «መሥራት ይችላሉ» ተብለው የተያዙት እናቴና አባባ ናቸው። አባባን ግን ካቻምና ጀርባቸውን ያዛቸው። ጎንበስ ካሉ ቀና እስኪሉ ድረስ አንድ ሰው ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ስለዚህ የእሳቸው ስም ሲጠራ አቤት የምለው እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ያልሞላው ሰው መሥራት ክልክል ነው። ደባሱ ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው «የኔሰው» ብሎ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሰማይ የሚያየው። ዝናብ የሚጠብቅ ይመስላል፣ በጥር።

ጎረቤታችን እትዬ አሰለች ድንጋይ እያቀበለችኝ፣

«አያ የኔሰው፣ ጢምህን ምን በላው?»

«ለጥምቀት ተላጨሁት።»

«ቀሚሱስ?»

«እሱ የሚስቴ ነው። የኔ ታጥቦ ተሰጥቷል።»

ደባሱ ራሱ ሰማይን ትቶ ሳቀ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ምሥጋናው «ዛሬ አቡነ አረጋዊ ናቸው፣ መሬት አይቆፈርም» ብለው ዶማቸውን ጥለው ተቀመጡ። ትናንት እግዚአብሔር አብ ነበር። ሴፍትኔት ከመጣ ወዲህ በወሩ ውስጥ ሳይከበር የሚያልፍ ጻድቅ የለም። ስንዴ በሚታደልበት ቀን ግን አያ ምሥጋናው የማንንም በዓል አስታውሰው አያውቁም።

ጥር 17

እጄ ውኃ ቋጠረ። ብዕር ስይዝ ያመኛል። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ነገም አልሄድም። እናቴ ቅቤ ቀባችኝና «ያልፋል» አለች። የቱ እንደሚያልፍ አልነገረችኝም።

ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ይኼ እንኳ እውነተኛ በዓል ነው፤ ደባሱም አልወጣም።

የክፍል ኃላፊያችን መምህር ኪዳን በወንድሜ በምስጋኑ በኩል የቤት ሥራ ልከውልኛል፦ «በአካባቢያችሁ መንግሥት ድሃን እንዴት ሲረዳ እንደኖረ ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ።» የእኛን ሽማግሌዎች መጠየቅ አያስፈልግም። አጠገባቸው መቀመጥ በቂ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«በጃንሆይ ጊዜ ድሃን ማን ይረዳው ነበር?» አልኩ።

«እግዜር» አሉ አያ ምሥጋናው። «እሱም ቢሆን በኛ በኩል እምብዛም አይመጣም ነበር።»

ከዚያ የደርጉ ሰባ ሰባት መጣ፤ መጠለያው፣ ፋፋው፣ ዘይቱ። የአያ ምሥጋናው አጎት እህል ሊቀበሉ ወርደው በዚያው በመኪና ተጭነው ቆላ ለሰፈራ ሄዱ። ስልቻቸውን እንኳ አልመለሱም። ስልቻው የሰው ነበርና ባለቤቱ ዛሬም ድረስ ያነሳዋል። ቀጥሎ መንገድ እየቆፈሩ ስንዴ የሚወስዱበት ዘመን፣ ምግብ ለሥራ። ቀጥሎ ሴፍትኔት ከነምረቃው። ምረቃ ማለት «እናንተ ከድህነት ወጥታችኋል፣ በሉ ደህና ሁኑ» መባል ነው። የአያ ምሥጋናው ወንድም አንድ ጊዜ ተመርቀው በዓመቱ ተመልሰው ገቡ፤ ከዚያ ደግሞ ተመረቁ።

«እንግዲያ ሁለት ዲግሪ አላቸዋ» አልኩ።

«ይቺን ልጅ ማነው እዚህ ያስቀመጣት?» አሉ አያ ምሥጋናው።

የታሪክ መጽሐፋችን ነገሥታትን በተራ ያስቆጥራል። የእኛ ሽማግሌዎች የሚቆጥሩት ስንዴ ነው። የአንዱ ልጅ በፋፋ ጊዜ ተወለደ፣ የሌላው በምግብ ለሥራ ጊዜ ተዳረ። «አንች የሴፍትኔት ነሽ» አሉኝ፣ እንደ ክርስትና ስም።

አባባ ብቻ አልቆጠሩም። ስለ መጠለያው ስጠይቃቸው፣

«ድንኳን ነበር።»

«ሌላስ?»

«ገመድም ነበረው።»

ብለው ሊነሱ ሞከሩ። ጋቢያቸውን የማስተካክል መስዬ ከኋላ ብብታቸውን ይዤ አነሳኋቸው። ማንም አላየም። በዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ የሠለጠንኩት በዚህ ነው።

ጥር 27

መምህር ኪዳን ቤት ድረስ መጡ። እናቴ የምታስቀምጥበት ጠፍቷት ሁለት ጊዜ አስነሳቻቸው።

«አባቴ» አሉ ለአባባ፣ «ፋና እስከ የካቲት መጨረሻ ክፍል ካልተመለሰች ለሚኒስትሪ ፈተና መመዝገብ አልችልም። እኔ ብፈልግም ርዕሰ መምህሩ እሺ አይሉኝም።»

«ማን ያዛት?» አሉ አባባ።

«እርከን ላይ ናት ይሉኛል።»

«እሱማ ለጨዋታ ነው የምትወጣው። አየር ልትቀበል።»

አየር ልቀበል! እናቴን አየኋት። ምድጃውን አየች። መምህር ኪዳንም እጄን አዩ፤ እኔም ቀሚሴ ሥር ከተትኩት። ለምን እንደከተትኩት አላውቅም። አውጥቼ ማሳየት ነበረብኝ።

ስምንተኛን ካላለፍኩ ላሊበላ የለም። ጓደኛዬ ዓይናዲስ አምና አልፋ ላሊበላ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ልትወስድ ስትመጣ ስለ መብራት ታወራኛለች። «ሲጠፋ እንኳን ከናንተ ጨለማ ይሻላል» ትላለች። አንድ ቀን እመታታለሁ።

የካቲት 3

የምሥራች! የልማት ሠራተኛዋ ሰብሌ እርከኑን ልታይ መጥታ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«አንች መሆንሽን አውቃለሁ» አለች። «ደባሱን ልከሰው አልፈልግም፣ ግን እንዲህ አይቀጥልም። አያትሽ ለምን ወደ ቀጥታ ድጋፍ አይዞሩም?»

ቀጥታ ድጋፍ ማለት ያረጀ፣ የታመመ፣ አቅመ ደካማ የሆነ ሰው ሳይሠራ ስንዴውን ይወስዳል። አባባ ወደዚያ ከዞሩ እናቴ የራሷን ትሠራለች፣ እኔ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ። በቃ! ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ሕዝቡ ይሰበሰባል። አባባ ተነስተው «አልችልም» ይላሉ፣ ሕዝቡም «እውነት ነው» ይላል።

እየሮጥኩ ወርጄ ነገርኳቸው።

«አቅመ ደካማ ማነው?» አሉ።

«እርስዎ።»

እናቴ «አንች ልጅ!» አለች። አባባ ምንም ሳይሉ ወጥተው በራፋችን ላይ የምንቀመጥበትን ድንጋይ አቅፈው አነሱት። አነሱት! እስከ ጉልበታቸው። ከዚያ አስቀመጡት። «አየሽ?» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለ። ገብተው ተኙ።

የካቲት 5

አሁንም ተኝተዋል።

«አባባ፣ ጀርባዎ ነው?»

«አይደለም። እያሰብኩ ነው።»

ገልብጠን በቅቤ እያሸናቸው ያስባሉ።

የካቲት 10

ጾም ገባ። ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም፣ ሥራው ይንቀራፈፋል። ዛሬ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ተቀምጬ እትዬ አሰለች ለሌላዋ ስትል ሰማኋት፦ «የዚች ልጅ ነገርማ አለቀ በይው። እንዲህ እንዲህ ስትል ክረምት ይገባል፣ ከዚያ ሰው ይጠይቃታል፣ በቃ።» ሰው ይጠይቃታል ማለት ትዳር ነው። ሁለቱም አዘኑልኝና ስለ ሽሮ ዋጋ ማውራት ቀጠሉ።

እርከኑ ከጫፍ ጫፍ ተራራውን እየዞረ ነው። ታች መንገዱ ይታያል። ላሊበላ የሚሄዱት መኪኖች ይታያሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ድንጋይ እጨምራለሁ። የፊቱ ሲያልቅ ደባሱ «ከፍ ብለን ሌላ እንጀምራለን» ይላል።

አባባ ዛሬ ከአልጋ ወረዱ። ስለ ስብሰባው አላነሱም። እኔ አነሳሁ። ስለ ዶሮዋ አወሩኝ።

የካቲት 16፣ ማታ

ዛሬ ያደረግኩትን ልጻፈው። ለሌላ ሰው አልነግረውም።

እረፍት ላይ ነበርን። እትዬ አሰለች «እስቲ አያ የኔሰው፣ በስብሰባው ምን ልትል ነው?» አለችኝ። ይኼን ጊዜ ዝም ማለት የምትችል ልጅ ትኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አይደለሁም። ነጠላዬን እንደ ጋቢ ተከናነብኩ። የዶማ እጀታ ተመረኮዝኩ። ጎበጥኩ።

«ደካማ ማነው? እኔ? እኔ ሁለት በሬ በአንድ እጄ ያነሳሁ ሰው! ሦስተኛው ሸሽቶኝ ነው!» ብዬ አንዲት ጠጠር እያቃሰትኩ ከመሬት ላነሳ ታገልኩ። ወደቅኩ። «አልወደቅኩም» አልኩ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ «እያሰብኩ ነው!»

እትዬ አሰለች እንባዋን ጠረገች። አያ ምሥጋናው በጾም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ በአንድ በኩል ያሉት ሳቁን አቆሙ። ከዚያ ሁሉም።

አባባ በኮዳ ውኃ ይዘው ቆመዋል። ያን ሁሉ ዳገት።

«ውኃ አምጥቼልሽ ነበር» አሉ።

ኮዳውን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ከእጄ ዶማውን ወሰዱና የኔን ቦታ መቆፈር ጀመሩ። ደባሱ ሰማይ አየ። እናቴ ከወዲያኛው ጫፍ መጥታ «አባቴ፣ ይበቃል» አለች፤ አልሰሟትም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆፈሩ። ጥሩ አድርገው ነው የቆፈሩት፣ ከኔ ይሻላል። ዶማውን ሲያስቀምጡ ግን ቀና ማለት አልቻሉም።

ደባሱና አያ ምሥጋናው ግራና ቀኝ ይዘው እንደ ጎበጡ አወረዷቸው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው «ምን ሆኑ?» ሲል፣ «የጣልኩት ነገር ኖሮ እየፈለግሁ ነው» ይላሉ። አያ ምሥጋናውም መሬት መሬቱን እያዩ አብረው ፈለጉ። እኔ ኮዳውን ይዤ ከኋላ። አልጠጣሁም።

ከተኙ በኋላ እናቴ ጎኔ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

«ኩራት ይመስልሻል?» አለች።

ሰባ ሰባት ላይ መጠለያው በር የፈረንጅ ነርስ ቆማ ሰው ትለይ ነበር አለችኝ። የበረታው ወደ ሰልፍ። የደከመው ግንባሩ ላይ ቀለም ተቀብቶ ወደ ሌላ ድንኳን። ለክፉ አይደለም፤ የደከመው ቀድሞ እንዲበላ ነው። አባባ እህታቸውን አዝለው፣ እናታቸውን ደግፈው ነው ከዚያ የደረሱት። ሁለቱም ተቀቡ። አባባን «አንተ ብርቱ ነህ፣ ወደዚያ» አሏቸው። እናታቸው ሲወስዷቸው ዞር ብለው «እሰይ፣ ብርቱ ነህ አሉህ» አሏቸው ይባላል። ከዚያ ድንኳን ሁለቱም አልወጡም። ቀለም የተቀባ ሰው ሲወጣ አባባ አላዩም።

«አሁን በሰው ፊት ተነስቶ ደክሜአለሁ ይበል ነው የምትይው?» አለች እናቴ።

ዝም አልኩ። እዚህ የጻፍኩት ዝም ማለቴ ብርቅ ስለሆነ ነው።

ሚኒስትሪ ግን አሁንም አለ። የካቲት ማለቋ አሁንም አልቀረም። ይህን አሁን ማሰቤ ራሱ ያስጠላኛል፣ ግን አሰብኩት።

የካቲት 24

ጀርባቸው ትንሽ ለቀቀ። አይተው አያዩኝም። ኮዳውን መለስኩላቸው፣ ተቀበሉ። «አጥበሽዋል?» አሉ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተነጋገርነው ይኼ ብቻ ነው።

ነገ ይቅርታ እላቸዋለሁ። ትናንትም ነገ ብዬ ነበር።

የካቲት 27

ስብሰባው ቀበሌው ፊት ለፊት ባለው ዋርካ ሥር ነበር። ሰብሌ ቆማ «ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዙሩ የምትሉትን ጠቁሙ፣ ሕዝቡ ያጸድቃል» አለች። ወዲያው ግማሹ ሽማግሌ ማንከስ ጀመረ። አያ ምሥጋናው ከየት እንዳመጡት የማይታወቅ ከዘራ ይዘው፣ እየሳሉ ተነሱ።

«ተቀመጥ አንተ!» አለች እትዬ አሰለች። «ትናንት በሬህን ስታባርር ከበሬው ቀድመህ ነው ያለፍከኝ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ምሥጋናውም ስቀው ተቀመጡ፣ ሳሉ ቆመ።

ከዚያ የአባባ ተራ ደረሰ።

«አያ የኔሰው» አለች ሰብሌ ቀስ ብላ፣ «ከእንግዲህ የእርከኑን ሥራ ይችሉታል?»

«እችላለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ለዚህ ቀን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ በአያቴ ስም የምሠራው እኔ ነኝ፣ እጄ ይኸውና፣ ልል። ተነሳሁ። አባባ አዩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያዩኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ። ይህ ሰፈሩን ሲያንጫጫ የኖረ አፍ ምንም አላወጣም። ተቀመጥኩ።

እትዬ አሰለች ተነሳች።

«እሱን አትጠይቁት። እሱ እሞታለሁ እንጂ አልችልም አይልም። የሚያጸድቀው ሕዝብ ከሆነ ሕዝብ ይጠየቅ። የኔሰው ይዙር የምትሉ፣ እጃችሁ።»

እጅ ወጣ። ሁሉም። ደባሱ ቀድሞ፣ ወደ ሰማይ ሳያይ፣ አባባን እያየ። አያ ምሥጋናውም አወጡ። እናቴ ብቻ አላወጣችም። እኔ ለድምፅ አልደረስኩም፤ ብደርስ ኖሮ አወጣ ነበር።

አባባ የወጣውን እጅ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ስበው ግንባራቸውን ሸፈኑ። ብርድ አልነበረም።

«ጸድቋል» አለች ሰብሌ።

የምፈልገውን አገኘሁ። ቤት ስንደርስ እናቴ የትምህርት ቤት ልብሴን አጥባ አሰጣች። አባባ እራት አልበሉም፤ «ጾም ነው» አሉ። የዕለቱ የጾም ሰዓት ካለፈ ቆይቶ ነበር።

የካቲት 30

ተመዘገብኩ። መምህር ኪዳን «እንኳን መጣሽ» አሉኝ። ስሜን ስጽፍ «ፋና» የሚለው እንግዳ ሆነብኝ።

ጠዋት ስነሳ አባባ አልጋቸው ላይ አልነበሩም። ዶማውም በቦታው አልነበረም። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በእርከኑ ግርጌ ነው የሚያልፈው፤ ስደርስ የደባሱን ድምፅ ከላይ ሰማሁ።

«አያ የኔሰው፣ እባክዎ ይውረዱ። ስምዎ እኮ እዚህ የለም። ቢሠሩም ስንዴ አይታሰብልዎትም።»

«ስሜ ባይኖር እኔ አለሁ» አሉ አባባ። «ስንዴ ማን ጠየቀህ?»

መንገዱ ላይ ቆምኩ። በታጠበ ልብሴ። አዩኝ። በእጃቸው «ሂጅ፣ ሂጅ» አሉኝ፣ ፍየል እንደሚያባርር ሰው። ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ስለ ፎቶሲንተሲስ ተማርን። ፀሐይ እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው የያዝኩት። ውጭው ፀሐይ ነበር።

ስመለስ ሰው ሁሉ ወርዷል። እሳቸው አሉ። ድንጋይ የሞላበት ባሬላ አጠገብ ቆመዋል። ባሬላ ለሁለት ሰው ነው፤ ግራና ቀኝ እጀታውን ይዘው አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ነው የሚሄዱት። ስሙ ከዝርዝሩ ከወጣ ሰው ጋር አብሮ የሚይዝ አልነበረማ። ምናልባት ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ቆመው ይሆናል።

ደብተሬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ይቅርታ ልላቸው ነበር የወጣሁት።

«ተመዘገብሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ፈተናው መቼ ነው?»

«ሰኔ።»

ትንሽ አሰቡ። እውነተኛ ማሰብ።

«እንግዲያ ጊዜ አለሽ» አሉ። «በይ የፊቱን ያዥ። ቀስ እያልሽ ሂጅ፣ እኔ ከኋላ አለሁ።»